የሻለቃው ቀኝ እጅ

በዓመት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለአንዲት ልብስ ተኳሽ ሴት የሻለቃው ቀኝ እጅ ወንድሟ ይሆን ነበር።

ላላየው ሰው ነገሩ ግር ይላል። የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ስለ በረራ ሲያወሩ አፋቸው ብቻውን አይበቃቸውም። ሁለት መዳፋቸውን ይዘረጉና አየር ላይ ያንሳፍፏቸዋል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ያጋድላል፣ ያሽቆለቁላል፣ ደግሞ ቀና ይላል። ሻለቃው ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፤ አሁን በማዕረጉ የሚጠራቸው ሰው በልማድ ነው። እጆቻቸው ግን ጡረታ አልወጡም። ግራ እጃቸው ራሳቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ አብሯቸው ተነስቶ ከባህር ላይ ያልተመለሰው ጓደኛቸው፣ የእሷ ታላቅ ወንድም።

በየዓመቱ በዚያች ቀን ይመጡና ከእናቷ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሻያቸውን ፉት ይላሉ። ከዚያ ስኒውን ገፋ አድርገው ጠረጴዛውን ባህር፣ የስኳር ዕቃውን የጠላት መርከብ ያደርጉታል። እናቷን ስኳር በሽታ ከያዛት ወዲህ እንኳ መርከቧ ባዶዋንም ብትሆን ትቀርባለች፤ ያለ እሷ ጦርነቱ አይጀመርም። «ፉጨትና እኔ ተነሳን» ይላሉ። ፉጨት ወንድሟ ነው። በሬዲዮ እያፏጨ ስንቴ ተቀጥቶ ስላልተወ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው። ቤት ውስጥ ለእሷ ጋሼ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ስታይ የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም ነበር። ጋሼ እዚህም እዚያም ስትዘል አይቶ ቁንጫ ብሏት ነበር የሄደው። ዛሬ ግንባሯ ላይ ሽበት አውጥታ፣ ጉልበቷ ደረጃ ሲወጣ እየተንቋቋ፣ ሻለቃው አሁንም ቁንጫ ይሏታል።

የታሪኩ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለቱ እጆች መርከቧን መትተው ውሃውን ሊነኩ ምንም እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው ይመለሳሉ። ግራ እጅ ወደ ግራ ይታጠፋል። ቀኝ እጅ ቀስ እያለ ይሄድና ከሻለቃው ጀርባ ይደበቃል።

«ዞር ብዬ ሳይ የለም» ይላሉ።

«ሲወድቅ ግን አላየኸውም?» ትላለች እናቷ፣ መልሱን እያወቀችው።

«አላየሁም እማማ።»

በቃ፣ እናቷ በዚያች «አላየሁም» አንድ ዓመት ሙሉ ትኖርባታለች።

ትኑርባት፤ ማን ይከለክላታል? ችግሩ ሸሚዞቹ ናቸው። የጋሼ ሸሚዞች ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀሉ ናቸው። እናቷ በየሳምንቱ ቅዳሜ ታስወርዳቸዋለች፤ «ከመንገድ የሚመጣ ሰው የተጨማደደ ልታለብሺው ነው?» እያለች። ሴትየዋ፣ እህቱ፣ ደግሞ ሥራዋ ላውንደሪ ቤት ነው። ከማለዳ ጀምራ ቆማ የሰው ካፖርት፣ የሰው ሱሪ፣ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። እንፋሎቱ ፊቷን ቀቅሎት፣ እግሯ አብጦ ቤቷ ትገባና ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አንጥፋ ካውያዋን እንደገና ትሰካለች። አንዱ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ተቀዷል፣ ሌላው ክርኑ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ማንም ሳይለብሳቸው በካውያ ብቻ አለቁ።

ለማግባት አስባ የነበረበት ጊዜ ነበር። ሰውየው ጨዋ፣ የመብራት ሠራተኛ ነበር። ቤታቸው መጥቶ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የወንድ ሸሚዝ ተደርድሮ አየና «የማን ነው?» አለ። እናቷ «የልጄ ነው፣ ሲመጣ ትተዋወቃላችሁ» አለችው። ሰውየው ስቆ ነበር ያኔ። ከወራት በኋላ ግን ሳቁ አለቀበት። እሷም አልፈረደችበትም።

ዘንድሮ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ለሻለቃው ስልክ ደወለች።

«ሻለቃ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው።»

«ለምኚ ቁንጫ።»

«ሲመጡ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉልኝ።»

«የቱን እጅ?»

«የጋሼን። ከጀርባዎ አይደብቁት። ሲወድቅ አየሁት ይበሏት። አንዴ ታልቅስና ይውጣላት። እኔም…» እኔም ልረፍ ልትል ነበር፤ አፈረች።

የተቋረጠ መስሏት «ሄሎ?» አለች።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሻለቃው፣ «ያንን እጅ ወደ ታች የማወርድበት አቅም ያለኝ ይመስልሻል?» ዘጉት።

ብዙም ሳይቆይ ሻለቃው ታመው ሆስፒታል መግባታቸው ተሰማ። ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸውን ይዟቸዋል። ብርቱካን ገዝታ ልትጠይቃቸው ሄደች። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው አልጋው ላይ ተጋድሞ ስታይ አለቀሰች፤ እውነቷን ነው ያለቀሰችው። አውቶቡስ ውስጥ ስትመለስ ግን አንዲት ሐሳብ ብቅ አለች፦ እንግዲህ ታሪኩም አለቀ። ሐሳቡ ራሷን አስደነገጣት። ከመውረጃዋ ሁለት ፌርማታ አልፋ ወረደች።

ቀኑ ሲቃረብ የሻለቃው ባለቤት ደወሉ።

«እህቴ፣ እንመጣለን። ተው፣ ሐኪሙም ተው ብሎሃል ብዬ ብለምነውም፣ ካልሄድኩ ብሎ ምሳውን አልበላም አለ። እንግዲህ ደረጃችሁን እንዴት እንደሚወጣው እሱና አምላኩ ያውቃሉ።»

ቀኑ ደረሰ። ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። የላውንደሪው ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፣ ቀልዱ ነው የሚከፋው።

«ወንድምሽ በየዓመቱ ነው እንዴ የሚሞተው?» አላት።

«በዓመት አንዴ ብቻ ነው» አለችውና ሽርጧን ሰቅላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከጠዋት ጀምራ ለባብሳ፣ ፀጉሯን በውሃ አስተኝታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። የስኳር ዕቃው ቦታው ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከደረጃው በኩል የሻለቃው ባለቤት ድምፅ መጣ።

«ያዝ፣ ብረቱን ያዝ! በደህናው እጅህ! ኧረ በደህናው ነው ያልኩህ! ሰማይ ላይ ስትበር የኖርክ ሰው አንድ ፎቅ አቃተህ?»

«አውሮፕላኑ ነበር የሚበረው» አሉ ሻለቃው እያለከለኩ፣ በተጣመመ አፋቸው። «እኔማ ተቀምጬ ነበር።»

ሴትየዋ ወርዳ በብብታቸው ገባችና አወጧቸው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሰው የረሳው ዕቃ መሰለ። ባለቤታቸው አነሱና አስተካክለው አስቀመጡት። እናቷ ሰላምታውን ጨርሳ ዓይኗን እጁ ላይ ተከለች።

«አይንቀሳቀስም?»

«አይንቀሳቀስም እማማ።»

«ጭራሽ?»

«አንዳንዴ ያሳክከኛል።»

«እሱም አንድ ነገር ነው» አለች እናቷ።

ሻይ ተጠጣ። ስለ መድኃኒት ተወራ፣ ስለ ጨው ተወራ፤ የሻለቃው ባለቤት ጨው የሌለው ሾርባ ምን ምን እንደሚል በሰፊው አስረዱ። ሴትየዋ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች የኩሽናው በር ላይ ቆማ ታያለች። ሁሉም የሚጠብቀውን ነገር ማንም አያነሳም። በመጨረሻ ሻለቃው ስኒያቸውን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉ።

«ፉጨትና እኔ ተነሳን» አሉ።

ግራ እጃቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ተነስቶ አየር ላይ ወጣ። ቀኝ ትከሻቸው ተከትሎ ሊነሳ ታገለ። ክንዳቸው ከጭናቸው ትንሽ ከፍ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ፣ ስኒውን መታው። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ባለአበባ ላስቲክ ላይ ፈሰሰ።

«ይኸው!» አሉ ባለቤታቸው። «አላልኩም? ሰሞኑን እኮ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ሁለት ስኒ ጨርሶብኛል። ተው፣ በቃ፣ በአፍህ ንገራቸው።»

«በአፍ አይሆንም» አሉ ሻለቃው።

ግራ እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እናቷ ያን ብቸኛ እጅ ታየዋለች፤ ፊቷ ቃል ተገብቶለት እንደተተወ ሕፃን ፊት ሆነ። ሴትየዋ ሻዩን በጨርቁ ጠረገች። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቅ ነበር። ስትመኘው የከረመችው ይኸው ነው፤ ታሪክ የለም፣ «አላየሁም» የለም። ጨርቁን ጨመቀች፣ እንደገና ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልቋል። የሻለቃው እጅ አሁንም አልወረደም።

በርጩማ ስባ ከሻለቃው በስተቀኝ ተቀመጠች።

«ፈቀቅ ይበሉ» አለች። ቀኝ እጇን ዘረጋች።

ሻለቃው አዩዋት። ትከሻ ለትከሻ ነው የተቀመጡት፤ የመድኃኒትና የሳሙና ሽታቸው ይቀላቀላል።

«ወደ ኋላ ቀረት በይ» አሉ ቀስ ብለው። «ክንፍሽ ከክንፌ ትንሽ ዝቅ።»

«አውቃለሁ።»

«ጣትሽን ግጠሚ። እንዲህ ጣቱን በትኖ የሚበር ዶሮ ነው።»

እናቷ ሳቀች። ሁለቱ እጆች ተነሱ፤ አንዱ ያረጀ፣ ደም ሥሩ የተገታተረ የወንድ እጅ፣ አንዱ በእንፋሎት ያበጠ የሴት እጅ። ደመናውን አለፉ። ወደ ውሃው ወረዱ። የስኳር ዕቃው ከሩቅ ታየ።

«አሁን ወደ ግራ…» አሉ ሻለቃው።

«ወደ ቀኝ ነው ሻለቃ። ፀሐይ ከጀርባችን እንድትሆን ብለው።»

«ወደ ቀኝ ነው እንዴ?»

«ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው» አለች እናቷ ከማዶ።

«በዚህ አያያዝህ አገር ቤት ትመታ ነበር» አሉ ባለቤታቸው፤ እሳቸውም ግን ወንበራቸውን አስጠግተዋል።

መርከቧን መቱ። የስኳር ዕቃው ክዳኑ ኳ አለ። ሁለቱ እጆች ዝቅ ብለው፣ የላስቲኩን አበባ ሊነኩ ምንም እስኪቀራቸው ተመለሱ። እዚህ ጋ ነው ወንድሟ በሬዲዮ የሚያፏጨው። ሻለቃው እንደ ወትሮው ሊያፏጩ ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ማንም አልሳቀም።

ግራ እጅ ወደ ግራ ታጠፈ።

ተራው የእሷ ነው። እጇን ቀስ አድርጋ ከሻለቃው ጀርባ መውሰድ አለባት። ወይም ደግሞ ራሷ እንደለመነችው ጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ። በስልክ ሲናገሩት እንዴት ይቀል ነበር! እናቷ የምታየው እጁን ነው፤ እሷን አይደለም። በሕይወቷ እናቷ እንደዚያ አድርጋ አይታት አታውቅም። እጇን ወደ ኋላ ብትወስደው ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሸሚዞቹ አሉ። ብታወርደው ደግሞ የገዛ ወንድሟን በገዛ እጇ… አልቻለችም። እጇ ከባህሩ በላይ ወዴትም ሳይሄድ ቆመ።

የሻለቃው እጅ ብቻውን ሄዶ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ከማለዳ ጀምራ አርባ ኪሎ የሚሆን አንሶላ የገለበጠችበት ክንድ ነው። መጀመሪያ ትከሻዋ ነደደ። እጇን አጥብቃ ልታቆየው ሞከረች። እጁ ግን ከበዳት፣ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ደግሞ ዝቅ አለ፣ እያመነታ ወረደና ላስቲኩ ላይ ተኛ። ላስቲኩ ከሻዩ እርጥብ ነበር፤ ቀዘቀዛት።

«ዞር ብዬ ሳይ…» አሉ ሻለቃው። ዞር አሉ። እጇን አዩት። «የለም» የምትለዋ ቃል አልወጣ አለቻቸው፤ እጁ እዚያው አለና።

ግራ እጃቸው ከጠርዙ ተመለሰ። በአየር ላይ መጥቶ ከእጇ በላይ መዞር ጀመረ። አንድ ዙር ዞረ፤ ክንፉን አጋድሎ ሌላ ዞረ። ይህ በዚህ ሁሉ ዓመት ታይቶ የማያውቅ ነገር ነው።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አሉ ባለቤታቸው።

«ተመለስኩ» አሉ ሻለቃው፤ የሚናገሩት ለጠረጴዛው ነው። «ሂድ፣ ውጣ ይሉኛል በሬዲዮ። የነዳጁ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ዞርኩ። ዝቅ ብዬ ዞርኩ።»

«ምን አየህ?» አለች እናቷ።

ሻለቃው ወደ ሴትየዋ አላዩም።

«ዘይት እማማ። ውሃው አንድ ቦታ ላይ ለስልሶ ነበር። ማዕበሉ እየመጣ እየመጣ እዚያ ጋ ሲደርስ ይተኛል። ሌላ ምንም። ጃንጥላም የለ፣ ሰውም የለ።»

ጎረቤት ቧንቧ ተከፍቶ ተዘጋ። እናቷ ዓይኗን ከእጁ ላይ አላነሳችም።

«ስንቴ ዞርክ?»

«አልቆጠርኩትም።»

«ብዙ ነው ግን?»

«ብዙ ነው እማማ። ሳርፍ ነዳጄ አልቆ ሞተሩ በጭስ ነበር የሚሄደው።»

«እኔ እኮ…» አለች እናቷ፣ ቆም ብላ ዋጥ አደረገች፣ «እኔ እኮ ብቻውን የቀረ ነበር የሚመስለኝ። ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ሄዳችሁ፣ እሱ እዚያ ውሃ ላይ ብቻውን። ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ይጠብቀው ብዬ ነው።»

ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። እንባዋ እንዲሁ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ጎንበስ ብላ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ከተኛው እጅ ላይ አኖረች፣ ታሻሸው ጀመር። የሻለቃው እጅ አሁንም ከላይ ይዞራል። የእናቷ ጣት ከአንጓው ወደ ላይ ሄደና አንድ ጠባሳ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካውያ ነው እማዬ።»

«ይሄስ?»

«እሱም ካውያ ነው።»

«የሥራ ነው?»

«የሥራም አለ። የቤትም አለ።»

እናቷ እጁን አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከእጁ ተነስታ፣ በዓይኗ በክንዱ ሽቅብ ሄዳ የልጇ ፊት ላይ ደረሰች። እንግዳ ሰው እንደምታይ አየቻት።

«ደክሞሻል እንዴ ልጄ?»

ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች፤ አውቶቡስ ላይ፣ ካውያው ላይ፣ ደረጃው ላይ። ረጅም ነበር መልሱ፤ ስለ መብራት ሠራተኛውም ነበረበት።

«ትንሽ» አለች።

ሻለቃው እጃቸውን አወረዱ።

ሲሸኟቸው ባለቤታቸው መኪና ሊያስጠጉ ቀድመው ወረዱ። እሷና ሻለቃው ደረጃው መሃል ላይ ቆመው እረፍት አደረጉ።

«አመሰግናለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስላሉልኝ።»

«ምን አልኩልሽ?»

«ያው ያንን ዘይቱን።»

«አንቺ ያዘዝሽኝን አላልኩም» አሉ። «ሲወድቅ አላየሁም፤ ዛሬም አላየሁም። ዘይቱን ግን አይቻለሁ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ?»

ሻለቃው ብረቱን ይዘው ወደ እሷ ዞሩ።

«እስከ ዛሬ ሁለቱም እጆች የኔ ነበሩ። የኔን እጅ እንዴት ብዬ አወርደዋለሁ? ከጀርባዬ ሲሆን ደግሞ ምን ላይ ልዙር?» ከዚያ ሕይወት የሌለውን እጃቸውን በደህናው አንስተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «በይ ያዢኝ፣ ሚስቴ ሳትጮህ።»

ከታች የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ገና አልመሸም ነበር። እግሯ እንደለመደው ወስዷት ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች፣ ካውያውን ሰካች፣ የመጀመሪያውን ሸሚዝ አወረደች። እናቷ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያታለች።

«ንቀይው» አለች።

«እ?»

«ካውያውን ንቀይው። ሂጂ ጋደም በይ።»

ነቀለችው። ሌላ ነገር ትል ይሆን ብላ ቆመች። እናቷ ሸሚዙን ከእጇ ወሰደችላት ብቻ። ሴትየዋ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተዘረጋች። ከግድግዳው ማዶ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ሰማች። መስቀያዎቹ አንድ በአንድ ከብረቱ ይወርዳሉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ እናቷ ሸሚዙን ስታጣጥፍ ዝምታ ይሆናል፣ ከዚያ ቀጣዩ ኳ ይላል። ልነሳና ላግዛት አለች በልቧ። ሦስተኛውን ሰማች። አራተኛውን ሳትሰማው እንቅልፍ ወሰዳት።